ሚስተር ዌንደል ኦስቲያ ላይ የዘፈኑ ዕለት

ባለፈው ሐሙስ ጉልበቴን ልታይ ሄጄ ሐኪሙ ዘንድ ተራ እጠብቃለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የድሮ የካውቦይ ፊልም ያሳያል፤ ድምፁ ስለተዘጋ ልብ ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረም። እኔም እንዲያው ቀና ስል፣ መላጣ፣ ጉንጩ የተንጠለጠለ የመጠጥ ቤት አሳላፊ ብርጭቆ እየወለወለ ወደ በሩ ይመለከታል። በሩ ተበረገደ፤ ተኩስ ሆነ፤ ሰውየው ቀስ ብሎ ባንኮኒው ሥር ወደቀ።

«ሚስተር ዌንደል!» ብዬ ብድግ አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጣሊያናዊት ደንግጣ ቦርሳዋን አቀፈች። «የማውቃቸው ሰው ናቸው» አልኳት።

«አሁን የሞተው?»

«አዎ። ብዙ ጊዜ ሞተዋል።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ የጉልበቴን ሕመም ረስቼው ነበር።

ሚስተር ዌንደልን ያወቅኳቸው በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መግቢያ ላይ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ወንድሜ በታሰረ በወሩ እናቴ ጌጧን ሸጣ ሮም ላከችኝ። ደብዳቤዎቿ ሁሉ የሚዘጉት በአንድ ዓይነት ቃል ነበር፤ «ናፍቀሽኛል፤ እንዳትመጪ።»

ሥራ ያገኙልኝ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚኖሩ እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ የጎንደር ሴት ናቸው። ከእኛ ሁሉ ቀድመው ሮም የገቡ፣ የማያውቁት ቤት የሌለ ሴት ነበሩ። «እንግሊዝኛ ስለምትችዪ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጋ ላስገባሽ ነው» አሉኝ። «የፊልም ሰው ነው ይላሉ። እኔ አይቼው አላውቅም።»

በኋላ እንደገባኝ፣ ሮም ውስጥ ሚስተር ዌንደልን ፊልም ላይ ያላየ ሰው አልነበረም፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከፀጉር አስተካካይ ቤት የተወለዱ የአሜሪካ ገጠር ከተማ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ይዘፍኑ ነበር፤ ስለ አንድ ባርኔጣ ሻጭ የሚያወራ የቀልድ ዘፈን ጥቂት ዓመታት አስጨብጭቦላቸዋል። ከዚያ ፀጉራቸው ረገፈ፤ ሰውነታቸው ወፈረ፤ ፊልም ሠሪዎች ደግሞ ያንን ፊት ወደዱት። ሸሪፍ ሆኑ፣ ቄስ ሆኑ፣ ሬሳ ሣጥን ሠሪ ሆኑ። ዋናው ተዋናይ ግን ሁልጊዜ ሌላ ነው። «የእኔ ሥራ ፊልሙ ሳይጋመስ መሞት ነው» ይሉኝ ነበር እየሳቁ። «እኔ ካልሞትኩ ጀግናው በምን ይናደዳል?» ሮም የመጡት ለሦስት ሳምንት ቀረጻ ነው፤ ሳይመለሱ አሥራ አምስት ዓመት ሆናቸው። ቤታቸው ቴስታቾ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ጢማቸውን ሲላጩ ያንን የባርኔጣ ሻጭ ዘፈን ይዘፍናሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ የወጥ ቤቱን ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። አዝማቹ ትርጉሙ «ራስህ ከተለቀ፣ ባርኔጣው ምን አጠፋ!» እንደ ማለት ነው። እኔም ወለል እየጠረግሁ ሳላስበው ቃል በቃል ሸመደድኩት።

በጥር ወር፣ ሮም በብርድ በምትጨማደድበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ዘፈኑ መሀል ላይ ተቋረጠ። ምላጩ መታጠቢያው ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ሚስተር ዌንደል ወለሉ ላይ ነበሩ፤ ግማሽ ፊታቸው ሳሙና እንደሆነ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ከሁሉ የከፋው ግን አንደበታቸው ነበር። የቀረቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ቱዝደይ»፤ በእንግሊዝኛ ማክሰኞ ማለት ነው። ውሃ ሲጠማቸው «ቱዝደይ»፣ ሲበርዳቸው «ቱዝደይ»፣ ሲናደዱ ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው እየመቱ «ቱዝደይ! ቱዝደይ!» ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይሻላቸውም አለ። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ሊንዳ ደግሞ በሰኔ መጥታ ወስዳ እዚያ መጦሪያ እንደምታስገባቸው ጻፈች። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ጨርሼ ቀና ስል ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ቀርቷል፤ እንባቸው በዚያ በተንጠለጠለው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ «ቱዝደይ» እንኳ አላሉም።

እትዬ ብርሃኔ በነገሩ ጨክነው መከሩኝ። «አሎራ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ። ፔርሜሶሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ የተጻፈው በእሱ ስም ነው። እሱ ሲሄድ ወረቀትሽም አብሮ ይሄዳል። አገርሽ ደግሞ እንደምታውቂው ነው።»

«ሰኔ ድረስ ልቆይላቸው፣ እትዬ።»

«ቆዪለት ቆዪለት፤ አንቺን ማን ይቆይልሻል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ማታ ማታ ስለ ፔርሜሶዬ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ሚያዝያ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። የቴስታቾ ገበያ በካርቾፊ ይሞላል፤ ያ ቅጠሉ እንደ ቅርፊት የተደራረበ፣ ጥቁር አረንጓዴ አትክልት። እጅን ያጠቁራል፤ ሲበስል ግን የሎሚና የሚንት መዓዛው ደረጃው ድረስ ይወርዳል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ካርቾፊ እላጣለሁ፤ እሳቸው ከሳሎኑ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሳላውቀው የባርኔጣ ሻጩን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመርኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ለአፍታ ጠፋብኝና አቋረጥኩ።

ከሳሎን ያ ወፍራም ድምፅ ቀጠለው።

ቃሉ አንድ ሳይጎድል፣ አንድ ሳይዛነፍ፤ አዝማቹም ሳይቀር! ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ሮጬ ስገባ እሳቸውም እንደ እኔ ደንግጠዋል። «ሚስተር ዌንደል፣ እስኪ ይናገሩ!» አልኳቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ «ቱዝደይ»። ከዚያ እኔ እንደገና ዜማውን ጀመርኩ፤ እሳቸውም እንደገና ዘፈኑ። ሲዘፍኑ ቃሉ አለ፤ ሊናገሩ ሲሉ የለም። አእምሮ ዘፈንን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሌላ እንደሆነ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ፣ የፊት በሩ ተቆልፎ የጓሮው በር ክፍት መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን እብድ ቤት ሆነ። «ውሃ ስጪኝ»ን በባርኔጣ ሻጩ ዜማ አስገባሁት፤ ግራ እጃቸውን ይዤ ጉልበታቸው ላይ ምቱን እየመታን። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ከዚያ «መስኮቱን ክፈቺው»፤ ከዚያ «እግሬን አመመኝ»። የታች ቤት ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል፤ እኛም በእሱ ምት እንዘፍናለን። አንድ እሑድ ምሳ አቅርቤላቸው ሾርባውን ቀመሱና፣ ማንም ሳያስጠናቸው፣ ከራሳቸው አውጥተው ዘፈኑ፤ «ቲሩ፣ ጨው ረሳሽ!» ስሜ ጥሩነሽ ነው፤ ቲሩ ይሉኝ ነበር። ጨው እየጨመርኩ አለቀስኩ፤ ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ።

ሊንዳ በሰኔ መጣች። ረጅም፣ የደከማት ሴት ነበረች፤ ክፉ አልነበረችም። አባቷ ዘንድ ስትገባ «ይዘፍናሉ፣ ያዩዋቸዋል» አልኳት። እሳቸው ግን ልጃቸውን ሲያዩ ዘፈኑ ጠፋባቸው። ዜማውን ብጀምርላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ የወጣቸው «ቱዝደይ» ነው።

«ደግ ልጅ ነሽ» አለችኝ ሊንዳ ኮሪደሩ ላይ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ግን የሌለ ተስፋ አትስጪን። ሻንጣውን አዘጋጂልኝ።»

ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ሲኞር ኤንሪኮ የሚባል አብሯቸው የሠራ የፊልም ዳይሬክተር ኦስቲያ ባሕር ዳር የስንብት ግብዣ አዘጋጀ። ከሰዓት በኋላ ከሊንዳ ጋር ደግፈናቸው በባቡር ሄድን። ባቡሩ ፎጣና ሐብሐብ በያዙ ሰዎች ተሞልቶ፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። አሸዋው ላይ የእንጨት መድረክ፣ አንድ ፒያኖ፣ ስልሳ የሚሆን ሰው። ተዋንያኑ እየተነሱ ንግግር አደረጉ። ሁሉም «ነበር፣ ነበር» ይላሉ። ሰውየው ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው! ሰው በሕይወት እያለ የሚደረግ እንዲህ ያለ ተዝካር አይቼ አላውቅም። ሚስተር ዌንደል ፊታቸው ቀላ። በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይዘው ተነሱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ያን ጊዜ ዞረው እኔን አዩኝ።

እኔ ከኋላ፣ ባርኔጣቸውንና መድኃኒታቸውን ይዤ ቆሜያለሁ። በሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። እዚያ ከነበሩት ሁሉ የሥራ ልብስ የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ በዚያ በቀጭን ድምፄ የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣሁት። አንድ ሰው ሳቀ። ሁለተኛውን ስንኝ ስጀምር ግን የእኔን ድምፅ የሰማ የለም፤ የእሳቸው ውጦት ነበር።

ዘፈኑት! ግራ እጃቸው ጭናቸውን እየመታ፣ ያ ፊት እንደ ሕፃን እየበራ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ፒያኖ ተጫዋቹ መሀል ላይ ደረሰባቸው። አዝማቹ ሲመጣ ስልሳው ሰው አብሮ ጮኸ፤ ከባሕሩ የወጡ ዋናተኞች ውሃቸው እየተንጠባጠበ መጥተው ቆሙ። ሲጨርሱ ጭብጨባው አላቆም አለ። ሚስተር ዌንደል እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ያለ ዜማ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ እያነሱ እንዲህ አሉ፤

«ሊንዳ… ቤቴ… እዚህ ነው።»

ሊንዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ እኔንም ስባ አቀፈችኝ። «ሻንጣውን ፍቺው» አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

ሚስተር ዌንደል ከዚያ በኋላ ሮም ላይ ስድስት ዓመት ኖሩ። ንግግራቸው እያዘገመም ቢሆን ተመለሰ፤ ሲቸግራቸው ይዘፍኑታል። ሲኞር ኤንሪኮ በቀጣዩ ዓመት አንድ ፊልም አሠራቸው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚዘፍን ሽማግሌ ሆነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልሙ እስኪያልቅ ሳይሞቱ ቀሩ። ሲኒማ ቤት እጄን ይዘው «አየሽ ቲሩ? ኖርኩ!» ብለው ሲጮኹ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ፔርሜሶዬ በስማቸው ታደሰ። «አይሻላቸውም» ያለው ሐኪምም በዓይኑ ካየ በኋላ እሱው ራሱ የነርስ ረዳትነት ትምህርት ቤት አስገባኝ፤ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት አንደበታቸው ከተያዘ ሰዎች ጋር ነው።

አሁን ጊዜ አለኝና ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የታመሙ ያገሬን ሰዎች እጠይቃለሁ። ልጆቻቸው በሩ ላይ ይቀበሉኝና በጣሊያንኛ «አይሰሙም እኮ፣ አይድከሙ» ይሉኛል። እኔ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። የልጅነት ዘፈናቸውን፣ የሚወዱትን መዝሙር ልጆቻቸውን እጠይቅና በዚያው በማያምር ድምፄ እጀምራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመልስልኝ የለም። አንዳንድ ቀን ግን ከትራሱ ላይ አንዲት ቃል ትነሣለች፤ ልጆቹ ከወጥ ቤት እየሮጡ ይመጣሉ፤ እኔም ተነሥቼ ወንበሬን እለቅላቸዋለሁ።