በኮባ የተጠቀለለው አውሮፕላን

ፈታሹ ጫፉ የሾለ ፌሮውን አንስቶ አውሮፕላኔን ሊወጋው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ነው። ከአገና ወደ ወልቂጤ በሚኒባስ ስመጣ ኬላ ላይ አስወረዱን። ወራት የፈጀብኝን የካርቶን አውሮፕላን ለኤግዚቢሽን ይዣለሁ። ዝናብ እንዳያበሰብሰው እናቴ በኮባ ጠቅልላ በቃጫ አስራልኛለች። (እኛ አገር በኮባ የተጠቀለለ ነገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።)

"ቆጮ ነው" አለ ረዳቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቆጮ ቢወጋ ምን ይሆናል? ፌሮው ወደ ኮባው ሲወርድ ግን አላስቻለኝም።

"እንዳይወጉት! አውሮፕላን ነው!"

ተሳፋሪው ሁሉ ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። የሳቀ ሰው የለም።

"ድሮን ነው?" አለኝ ፈታሹ።

"አይደለም። ሞተር የለውም፤ ካርቶንና ሙጫ ነው።"

"ፍታው!"

ቃጫው አልፈታ አለኝ። በመጨረሻ ኮባው ሲገለጥ አራት ክንፍ ብቅ አለ።

"ይሄ የየት አገር አውሮፕላን ነው?"

"የትም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

ምናለ ቤት የተውኩትን፣ እውነተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን አስመስዬ የሠራሁትን ይዤ በመጣሁ!

ፈታሹ ጆሮውን አስጠግቶ የአውሮፕላኑን ሆድ አዳመጠ።

ከዚያ ፊቱ ፈታ አለና ኮባውን ራሱ መልሶ ጠቀለለው። የአገራችን ልጅ መሆኑ ከእጁ ያስታውቃል።

"ሌላ ጊዜ ቆጮ ነው በል፤ ሰው አታስደንግጥ" አለኝና፣ እንደ ቆጮ ጥብቅ አድርጎ ሲያስረው አንዱ ክንፍ ቀጭ አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።

እናንተስ? እውነቱን ተናግራችሁ ጣጣ ውስጥ የገባችሁበት ቀን ካለ ጻፉልኝ። ክንፉን እያጣበቅኩ አነባለሁ።