ፈትል የማይዝ ቀለበት

አጎታችን በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ሠርተዋል። ዳንግላ ተመልሰው የብረት ሥራ ከከፈቱ በኋላም የመርከብ ሸራ ከገመድ ጋር የሚታሰርበትን ቀለበት እየሠሩ በአስመራ በኩል ወደ ወደቡ በሚሄድ የጭነት መኪና ይልኩ ነበር። ጎረቤቱ «አያ፣ መርከቡን ዘንገና ሐይቅ ላይ ሊያንሳፍፉት ነው?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

እኔ መምህር ነኝና ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንዲህ ነው፤ ነፋስ ሸራውን ሲያወዛውዘው የቀለበቱ ስለታም ጠርዝ ገመዱን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። አጎታችን ጠርዙን እንደ እንስራ አፍ ወደ ውጭ ቀልብሰው ያለሰልሱት ነበር። ከዚያም የጥጥ ፈትል በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሳልፈው ያሻሹበት ነበር። «ፈትል የሚይዝ ብረት ገመድ ይበላል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ ሲያጣድፋቸው አንዱ ቀለበት ፈትሉን ያዘ።

«ለአንዲት ክር ብለው ሊያውሉኝ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«አንተ መኪናህ ቢበላሽ ወርደህ በእግርህ ትሄዳለህ፤ መርከበኞቹ ግን ባሕር ላይ ወዴት ይወርዳሉ?» ብለው ቀለበቱን ወደ እሳቱ መለሱት።

አጎታችን ካረፉ ወዲህ መኪናው ደጃችን ሳይቆም ያልፋል። በቀብራቸው ላይ አንድም መርከበኛ አልነበረም፤ መርከበኞቹ ስማቸውን እንኳ አያውቁትም። ባሕሩ ላይ ነፋስ ሲነሣ ግን ሸራቸውን የሚይዝላቸው የእሳቸው ቀለበት ነው።