ከስንክሳሩ ጎን የመጣው ማስታወቂያ

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማረች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትቆጣው ተማሪ ስላጣች እኔንና ላፕቶፑን ትቆጣለች። አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለችው ቤታችን ያለን አንድ ላፕቶፕ ነው፤ ጠዋት እሷ የዕለቱን ስንክሳር ታነብበታለች፣ ከዚያ እኔ የትርጉም ሥራዬን እሠራበታለሁ።

አምና ሆዷን ሲያማት ሰነበተና ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ናሙና ወሰዱ፣ ለውጤቱ ዐሥር ቀን ጠብቁ አሉን። ዐሥሩን ቀን እሷ ፊት ስስቅና ስቀልድ ከረምኩ። እንጦጦ ማርያም ልትሳለም ስትወጣ ግን ላፕቶፑን ከፍቼ የጨጓራ ካንሰር ምልክቱ ምንድነው፣ የት ይታከማል እያልኩ እፈልግ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ በጣም።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ እንደ አገራችን ልማድ መጀመሪያ እኔን ለብቻዬ አስገባኝ። የጨጓራ ቁስል ነው፣ እንክብሉን በሥርዓት ከዋጠች ትድናለች አለኝ። ወጥቼ አቀፍኳትና እየሳቅኩ ምንም የለብሽም አልኳት። አሁን ሳስበው የሞኝ ሥራ ነበር። በእኛ ሰፈር ክፉ በሽታ ለያዘው ሰው የሚነገረው ይኸው ነውና። አባቴም እስከ መጨረሻው ምንም የለብህም እየተባለ ነው የሞተው፤ እንዲያ ስትለው የነበረችውም እናቴ ራሷ ናት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እናቴ ጠባይዋ ተለወጠ። ከጎረቤታችን ጋር በአሸንዳ ውኃ ተጣልተው ሦስት ዓመት ሰላምታ አልነበራቸውም፤ አንድ ቅዳሜ ራሷ ሄዳ ይቅር በይኝ አለቻት። አዲሱን ጋቢዋንም ሰጠቻት። ለእኔ ደግሞ የቤቱ ካርታ የት እንደሚቀመጥ ሁለት ጊዜ አሳየችኝ። መድኃኒቱ ለቁጣም ይሆናል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ጎረቤታችን በር ላይ እጄን ይዛ ዕንባዋ ሲመጣ ነው። አይዞህ ልጄ፣ ሕንድ ሄዶ ስንቱ ድኖ ተመልሷል አለችኝ። ማን ነው ሕንድ የሚሄደው ስላት፣ እናትህ ነግራኛለች፣ አንተ ስታፈላልግላት ኮምፒውተሩ ላይ አይታዋለች አለች።

ሮጬ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከዕለቱ ሰማዕት ታሪክ ጎን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ፈገግ ብሏል፤ ከሥሩ ለካንሰር ሕክምና ወደ ሕንድ ይላል። ያኔ የከፈትኳቸው ገጾች ኩኪ የሚሏትን ትንሽ ምልክት ላፕቶፑ ላይ አስቀምጠው ኖሯል። ማስታወቂያ የሚልኩት ሰዎች በዚያች ምልክት ከገጽ ወደ ገጽ ይከተላሉ፤ ፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ልሁን እናቴ ግን አያውቁም። ወደ ብራውዘሩ ሴቲንግ ገባሁና የተጠራቀመውን ኩኪ ጠርጌ፣ መከታተልን የሚያግደውን አበራሁ። ሐኪሙ ሄዶ በቦታው የብስኩት ማስታወቂያ መጣ። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ኮራሁ።

በማግስቱ እናቴ ስንክሳሩን አንብባ ጨረሰችና ብስኩቱን አየችው።

"እንዳላይ ብለህ አጠፋኸው፣ አይደል?" አለችኝ።

ካንሰር የለብሽም ብዬ ማልኩላት። እኔም ለአባትህ ምዬለት ነበር አለች። የሐኪሙን ወረቀት ባሳያት፣ ወረቀት ምን ይሳነዋል፣ ይጻፋል አለች። አብረን ሄደን እንጠይቀው ብላት፣ እሱም ከአንተ ጋር መክሯል አለች። ተናደድኩ። ንዴቴ ወደ ድንጋጤ የተለወጠው የእንክብሉን ዕቃ ሳየው ነው፤ ከተሰጣት ጀምሮ ግማሹ እንኳ አላለቀም። ለማባበያ የተሰጠኝን ለምን እውጣለሁ አለችኝ። በቀላሉ ሊድን የሚችለው ቁስል በእኔ ጥፋት ሊብስባት ነው።

አስተማሪ በቃል አያምንም፣ በሙከራ እንጂ። እያየችኝ ማገጃውን አጠፋሁትና፣ እዚህ ቤት ማንም የማይመኘውን ነገር ፈልጊ አልኳት። ትንሽ አሰበችና በአንድ ጣቷ ትራክተር ብላ ጻፈች። ግቢያችን ለጎመን መደብ እንኳ አይበቃም። የወጡላትን የሻጭ ገጾች ሁሉ አንድ በአንድ ከፈተች፤ የጀመረችውን መጨረስ ትወዳለች።

በማግስቱ ጠዋት ከጻድቁ ታሪክ ጎን ቀይ ትራክተር ቆሟል። ወደ እኩለ ቀን ሁለተኛ ተጨመረ፣ ከነማረሻው። እናቴ መነጽሯን አጥልቃ አየችው፣ አውልቃ ጠረገችና ደግማ አየችው፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጎረቤታችንን ጠርታ፣ ነይ እይው፣ ላፕቶፑ ገበሬ አድርጎኛል አለቻት። ጎረቤታችን እንግዲያው ጋቢውን ልመልስልሽ ብትላት፣ እናቴ ይሙቅሽ ብላ ተወችላት። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ጎረቤታችን ስትወጣ እናቴ ሳቋን አቆመች።

"ትራክተሩን የፈለግኩት እኔ ነኝ። ያንን በሽታስ ማነው የፈለገው?"

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"ውጤቱን ስንጠብቅ። አንቺ ልትሳለሚ ስትሄጂ።"

ያን ሰሞን ስትስቅ ነበር እኮ የከረምከው አለችኝ። ፈርቼ ነበር አልኳት። እሷም እንክብሏን አንስታ በውኃ ዋጠች። ቀጥላ ማገጃው የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ አለች፤ ጣቴን ተከትላ ራሷ ነካችና አበራችው።

"በል፣ ከእነሱ ተደበቅ" አለችኝ። "ስትፈራ ግን ከእኔ አትደበቅ። ከአባትህ የደበቅኩት ለዚህ ቤት ይበቃል።"