የእትዬ ዘነበች ዳቦ

ዛሬ የዘመን መለወጫ ነው። ሴቶች ልጆች ከበሮ እየመቱ በሹም አቦ ሰፈር በኩል ሲመጡ ሰማሁና ዳቦ ቆርሼ ደጄ ላይ ቆምሁ። የዳቦው ጥቁር አዝሙድ ሲሸተኝ እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ።

እትዬ ዘነበች ከሐይቁ ዳር የሚኖሩ የኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። በከተማችን ስለ ጨረር ያጠኑ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው ይባላል። ልጅ አልነበራቸውም። እናቴ፣ “ልጅ የነሳት ጨረሩ ነው፤ ከእጇ እንዳትበዪ” ብላኝ ነበር።

ያን ዓመት በራቸው ላይ አበባየሆሽ ብለን ዘፈንን። ትኩስ ዳቦ አደሉን። ጓደኞቼ ሳይበሉ ደበቁት፤ እኔ ግን እትዬ ዘነበች እያዩኝ ቦዩ ውስጥ ወረወርሁት።

አልተቆጡኝም። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው፣ “ጨረር በዳቦ አይጋባም፣ ልጄ። የሚጋባውን ስታድጊ ታውቂዋለሽ” አሉኝ። አልገባኝም። በዓመቱ ስንሄድ ቤታቸውን ለቀው ነበር። እናቴ “እሰይ” አለች።

አሁን እኔ ሆስፒታል ራጅ አነሳለሁ። ልጅ የለኝም።

ልጆቹ የጎረቤቴን በር ጨርሰው መጡ። ትንሿ ወደ እኔ ዞር ስትል ታላቋ እጇን ይዛ ጎተተቻት። ከበሮውን እንደገና የመቱት ደጄን ካለፉ በኋላ ነው።