የጀብሪል ሃያ ሦስት ኪሎ

ባለቤቴ ጀብሪል መርሳ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው። አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ግን ከመርሳና ከዙሪያዋ ወደ ዱባይ ወይ ወደ ጅዳ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ሁሉ መጀመሪያ የእሱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ይህን ሥራ ማንም አልሰጠውም። እኔም አልለመንኩትም።

የጀመረው እንዲህ ነው። የጎረቤታችንን ልጅ ነኢማን ቦሌ ላይ ሻንጣሽ ከብዷል ብለው በሰው ፊት አስከፈቷት። የውስጥ ልብሷ ከበርበሬው ጋር ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ልጅቷ ዱባይ ደርሳ ስትደውል ያለቀሰችው ስለ አሠሪዋ ሳይሆን ስለዚያ ነበር። ጀብሪል ይህን ሲሰማ በዱቄት የነጣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «እዚህ እንዲህ ያለ ሚዛን ተቀምጦ የሰው ልጅ ለምን ይዋረዳል?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጓዥ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል። ጀብሪል ሳንቲም አይቀበልም። እህል ያመጣው ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሥራውን ሲይዝ ደግሞ ለጉድ ነው። ከልብስ ሰፊው ከፍሰሃ ሜትር ይዋሳል። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ቁመቱን ለክቶ ይደምራል። ከመቶ ሃምሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያለፈ ሻንጣ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጎማም ይቆጠራል። አንዱ ወጣት «ጎማው ምን አገባው?» ብሎ ቢከራከረው፣ «አንተ ቁመትህን ስትለካ እግርህን ቤት ትተህ ነው የምትመጣው?» ብሎታል።

ከዚያ ይመዝናል። ሻንጣው ላይ ጥቂት ቦታ ከተረፈ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች እዚያ አገር ላሉ ልጆቻቸው አንድ አንድ ፌስታል ይጨምራሉ፤ ይህኛዋ በሶ፣ ያችኛዋ ሽሮ። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ሃያ ሦስት ኪሎ ሲሞላ ጀብሪል «በቃ!» ይልና «23 ኪሎ። ጀብሪል ወፍጮ ቤት፣ መርሳ» ብሎ በወረቀት ጽፎ እጀታው ላይ ያስራል። እንዳይጫርም የኩንታል ማዳበሪያ አልብሶ በገመድ ይጠፍረዋል።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ጀብሪል መያዣን ከዕቃ ጋር አይመዝንም።

ይህ ከልጅነቱ የመጣ ነገር ነው። አባቱ ሐራ ገበያ ማሽላ ሲገዙ ነጋዴው ከነጆንያው ይመዝንላቸው ነበር፤ ጆንያውም ወፍራም፣ አንዳንዴም ውሃ የነካው። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ሲገዛ ኖሮ ማሽላ የበላ መስሎት ሞተ» ይላል ጀብሪል። በእሱ ወፍጮ ቤት ባዶው ጆንያ ቀድሞ ተመዝኖ ይቀነሳል። ሻንጣም ለእሱ ጆንያ ነው። ሃያ ሦስት ኪሎ ማለት ውስጡ ያለው ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ላስረዳው ሞክሬ ነበር።

«ቦሌ ላይ እኮ ሻንጣውንም አብረው ነው የሚመዝኑት» አልኩት።

«ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው እንዲህ አያደርግም» አለኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። የቱ ጋ መከራከር እንደማያዋጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ተጓዡ ከወፍጮ ቤት ሲወጣ በጓሮ ዞሬ መንገድ ላይ እጠብቀዋለሁ። «ቤት ስትደርስ የሻንጣውን ክብደት ያህል ዕቃ አውጣ። ለእሱ እንዳትነግር» እላለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ መቀነስ ግን ከዚያ በፊት አስተምረውን ነበር። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ማንም ቦሌ ላይ አልተዋረደም፤ ጀብሪልም በሚዛኑ እንደኮራ ኖረ።

በዚህ ዓመት ሉብና የምትባል ልጅ ከሲሪንቃ መጣች። ወደ ዱባይ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ ያን ማክሰኞ ወልድያ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ነበር። ሻንጣዋ ተመዘነ፣ ወረቀቱ ታሰረ፣ ማዳበሪያው ተጠፈረ፤ መንገድ ላይ ግን የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ የጀብሪል ስልክ ጮኸ። ከሰማው በኋላ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ወረፋ እያለ ሞተሩን አጠፋ። ስልኩንም ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው።

«አያ ጀብሪል፣ ሉብና ነኝ! ቦሌ ነኝ! ሃያ ስድስት ተኩል ነው ይሉኛል!»

«ማነው የሚለው?»

«ሚዛኑ ነዋ! የምትመዝነዋ ልጅም ያንኑ ትላለች!»

«ወረቀቱን አሳየሻት ልጅቷን?»

«አሳየኋት።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች።»

ሉብና ማልቀስ ጀመረች። «ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ። ሦስት ኪሎ ተኩል አውጪ ትለኛለች። የሸኘኝ ሰው ሄዷል፤ የምሰጠው የለኝም። ያለው ሁሉ የሰው አደራ ነው። የማንን በሶ ልጣል?»

ይህን ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ተቀወጠ። አደራውን የላኩት ሴቶች እዚያው ወረፋ ላይ ነበሩ። ከድጃ ወደ ስልኩ ተጠግታ «የኔን እንዳትነኪ! ልጄ ነፍሰ ጡር ናት!» አለች። ሌላዋ «የእሷ ልጅ እኮ ዓመት ሙሉ ነፍሰ ጡር ናት!» አለች። ሦስተኛዋ «የሁላችንንም ተይውና የራስሽን ቀሚስ ጣይ!» ብላ ፈረደች። እኔ ጉንጬ አብጦ አንድ ጥግ ቆሜ ጥፋቴን እያሰብኩ ነበር።

ጀብሪል እጁን አነሳ። «ዝም በሉ። ሉብና፣ ልጅቷን ስጪኝ።»

ቀጭን ድምፅ መጣ። «ሃሎ፣ አባቴ።»

«አሰላሙ አለይኩም። ስምሽ ማነው ልጄ?»

«ፌቨን እባላለሁ።»

«ፌቨን፣ ጆንያውን ቀንሰሻል?»

«የቱን ጆንያ?»

«ሻንጣውን ነው የምልሽ። ባዶውን። ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነው፣ እኔ መዝኜዋለሁ።»

«አባቴ፣ እኛ ከነሻንጣው ነው የምንመዝነው።»

«ለምን?»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። «አውሮፕላኑ ሻንጣውንም ስለሚሸከመው» አለች በመጨረሻ።

ጀብሪል ሚዛኑን አየው። ከዚያ መሬቱን አየ። እኔ አሁን ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄስ እውነት ነው» አለ። «ሉብናን መልሺልኝ።»

«አቤት፣ አያ ጀብሪል።»

«ሻንጣውን ጣይው።»

«ምን?»

«የከበደው ሻንጣው ነው፤ አደራው አልከበደም። ማዳበሪያውን አውልቂና ዕቃውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ገልብጪ። አፉን በገመዱ እሰሪ፣ ጥብቅ አድርገሽ!»

«ሻንጣዬ አዲስ ነው እኮ! ከወልድያ ነው የገዛሁት!»

«ታዲያ የማንን በሶ ልትጥይ ነው?»

ሉብና ከድጃንም ሌሎቹንም በስም አታውቃቸውም፤ ድምፃቸውን ግን ሰምታለች። ዚፕ ሲከፈት፣ ዕቃ ሲንኮሻኮሽ፣ «እባክህ ወንድሜ ያዝልኝ» ስትል ሰማን። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ የፌቨን ድምፅ መጣ።

«ሃያ ሦስት ከሁለት መቶ ግራም።»

«ሁለት መቶው ማዳበሪያው ነው!» ብለው ሴቶቹ በአንድ አፍ ጮኹ።

«ይሁን፣ ይለፍ» አለች ፌቨን። አሁንም እየሳቀች ነበር መሰለኝ።

ባዶውን ሻንጣ ሉብና፣ የራሷ ሻንጣ ዚፕ ተበጥሶባት ከጎኗ ለቆመች ሴት ሰጠቻት። ወፍጮ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከድጃ ጀብሪልን መረቀችው። እሱ ግን ሞተሩን አስነስቶ መፍጨቱን ቀጠለ።

ከሰዓት ሰግዶ ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ነሲባ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ሌላ የደወለ ሰው የለም። ለምን?»

ጉንጬን አመካኝቼ ዝም ልል አስቤ ነበር። ግን ደከመኝ። መንገድ ላይ እየጠበቅሁ ምን እንደምላቸው ነገርኩት።

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ይሄን ማን ማን ያውቃል?»

«መርሳ» አልኩት።

ሱሪው ላይ ያለውን ዱቄት ሲያራግፍ ቆየ። «ሁሉንም ከነሻንጣው እየመዘንሽ፣ እኔን ብቻ ቀነስሽኝ ማለት ነው» አለ። ምሳውን አቀረብኩለት፤ በላ። ስላልተቆጣ የባሰ ከበደኝ።

በማግስቱ አሚር የሚባል ልጅ ሻንጣ ይዞ መጣ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ጀብሪል ባዶውን መዘነ፤ ከዚያ ሙሉውን መዘነ፤ ወረቀቱም ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈ።

«ይሄ የዕቃህ ነው፤ ሃያ ሦስት። ይሄኛው የአውሮፕላኑ ነው፤ ሃያ ሰባት።»

«የትኛውን ልያዝ፣ አያ ጀብሪል?»

«ቦሌ ላይ ሁለተኛውን። አኼራ ላይ ፈጣሪ ፊት የምንጠየቀው ግን በመጀመሪያው ነው» አለው።

አሚር ጭንቅላቱን አከከና ሻንጣውን እዚያው ፈታ። አራት ኪሎ ሲያወጣ የሻንጣውን አፍ ከፍቶ የያዘለት ጀብሪል ራሱ ነበር።