አርብ ከሰዓት የሚወድቀው ፕሮግራም

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ኃይሉ የሰጡኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የሚወዛወዝ ወንበርና አንድ መመሪያ ነበር። ቢሯችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር፣ ከፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ በላይ ያለች ክፍል ናት። «ፕሮግራም ወደቀ ተብሎ ሲደወል መጀመሪያ መብራት እንጠይቃለን፣ ቀጥሎ ገመድ እንጠይቃለን። የራሳችንን ኮድ የምንጠረጥረው መጨረሻ ነው» አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

የእኔ ድርሻ ሁለት የፕሮግራም ቋንቋ የተቀላቀለባቸው ፕሮግራሞች ነበሩ። ሠራተኛው የሚያየው መስኮት በፓይተን ይጻፋል፣ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው ክፍል ደግሞ ሲ በሚባለው። ፓይተን ቤቱን ራሱ ይጠርጋል፤ ማንም የማይጠቀምበትን ነገር ከማህደረ ትውስታ እያነሳ ይጥላል። ሲ አይጠርግም፣ አይጠይቅምም። የተሰጠውን አድራሻ ይዞ ይሄዳል። እዚያ አድራሻ የነበረው ተነሥቶ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ምንም ሳይመስለው ይቀጥላል፣ አንዳንዴ ይሞታል።

አሟሟቱም ክፉ ነው። ፓይተን ሲሳሳት የተሳሳተበትን መስመር ይነግራችኋል። ሲ ግን «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይጠፋል። ባጭሩ «የማይመለከተኝን ቦታ ነካሁ» ማለት ነው። ለምን እንደነካ አይናገርም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ኮምቦልቻ ስላለ አንድ የዶሮ መኖ ማቀነባበሪያ ነው። ፕሮግራማችን በቆሎውን፣ ፋጉሎውን፣ የኖራ ድንጋዩንና ጨውን እየመዘነ ወደ ማደባለቂያው ይለቃል። ሰባት ወር ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ መውደቅ ጀመረ። መሐል ላይ ሲወድቅ ጨው ይግባ አይግባ አይታወቅም፤ ኦፕሬተሩ እንደገና ሲያስጀምረው ጨው ሁለት ጊዜ ይገባል። ጨው ሁለት ጊዜ ሲገባ ዶሮዎቹ መጀመሪያ ውሃ ይጨርሳሉ፣ ቀጥሎ መኖውን የሚገዛው የሐርቡ ደንበኛ ይደውላል።

መብራት ጠየቅን፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ ተገዛ። ገመድ ጠየቅን፤ ገመድ ተቀየረ። ፕሮግራሙ መውደቁን ቀጠለ። ሲሞት የማህደረ ትውስታውን ቅጂ እንዲያስቀምጥ አደረግሁና ቅጂዎቹን ዲበገር በሚባለው መፈተሻ ከፈትኳቸው። አንዱ ሚዛን ሲያነብ ሞቷል፣ ሌላው ጨው ሲለቅ፣ ሌላው ምንም ሳያደርግ። ቢሮዬ ውስጥ ሦስት ቀን ሳላጠፋ አስኬድኩት፤ ደህና ሆኖ ዋለ። ተናደድኩ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደረጀ ከእኔ ቀድመው መልስ አገኙ። ደሴ ድረስ መጥተው ጠረጴዛችን ላይ ወረቀት ዘረጉ።

«ስምንት ጊዜ ወድቋል። ስድስቱ አርብ ከሰዓት ነው፤ ስድስቱም በኦፕሬተሩ በሰይድ ፈረቃ። ሰውየው አርብ አርብ የሚነካካው ነገር አለ። ማስጠንቀቂያ ሰጥቼዋለሁ፣ አሁን ላሰናብተው ነው። ከእናንተ የምፈልገው ፕሮግራሙ ችግር የለበትም የሚል ፊርማ ብቻ ነው።»

አቶ ኃይሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ዘሀራ፣ ጻፊላቸው እንጂ።»

ሰይድን ማሽኑን ስንተክል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዝምተኛ፣ ጥንቁቅ፣ የአራት ልጆች አባት ነው። «አንድ አርብ አብሬው ልዋልና እፈርማለሁ» አልኩ። አቶ ኃይሉ ፊታቸውን አጠቆሩ፣ ግን አልከለከሉኝም።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስደርስ ሰይድ ከወንበሩ ተነሣ።

«አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። ልትፈርሚብኝ መጣሽ አሉ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ልይ ብዬ ነው።»

«ማየት ደግ ነው። ወላሂ እኔ የነካሁት የለም።»

እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አልሆነም። ሰይድ ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ይቁነጠነጣል። ያኔ ገባኝ። አባቴ አርብ ቀትር ላይ ቤት ተገኝቶ አያውቅም፤ እኔ ግን ስድስት አርቦችን ወረቀት ላይ አይቼ ጁምዓ ትዝ አላለኝም።

«ወንድሜ፣ ጁምዓ ትሄዳለህ?»

«ደንቡ በፈረቃ ወንበር መልቀቅ ይከለክላል» አለ።

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራሙን ነው።»

ትንሽ አሰበና ወደ መጋዘኑ ተጣራ። ሌላው ኦፕሬተር አበበ መጣ። ለካ አርብ አርብ አበበ ሹልክ ብሎ የሰይድን ወንበር ይይዛል፤ በሚካኤልና በማርያም ቀን ደግሞ አበበ ቅዳሴ ሲሄድ ሰይድ የእሱን ይይዛል። አቶ ደረጀ ችላ ያሏቸው ሁለት ውድቀቶች የአሥራ ሁለትና የሃያ አንድ ቀን ነበሩ።

ሰይድ ወጣ። አበበ ተቀመጠ፣ ዓይኑን አጠበበና «ፊደል አሳድግ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ።

«በየፈረቃችን በየራሳችን ፊደል ይከፈታል፤ መሐል ላይ ስተካው ግን ካላሳደግሁት አይታየኝም። ሰይድ ሲመጣ መልሶ ያሳንሰዋል» አለኝ፣ እንደ ጥፋተኛ።

ቁልፉን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ በሰባተኛው ወር፣ እንደ ትንሽ ነገር ቆጥሬው። ፊደሉ ሲለወጥ ፓይተን አሮጌውን መስኮት አፍርሶ አዲስ ይሠራል። ሲ ግን ሚዛኑ በሞላ ቁጥር የሚጠራው አሮጌውን ነው፤ መጀመሪያ አድራሻውን ሰጥቼው መለወጡን አልነገርኩትም። ቢሮዬ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ፊደል አሳድጌ አላውቅም። ዓይኔ ደህና ነው።

አርባ ደቂቃ ቆይቶ ጨው ላይ ሞተ። አበበ እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ አየኝ። ፕሮግራም ሲወድቅ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። እኔ በረሳሁት አንድ መስመር ሰው ሥራውን ሊያጣ ነበር።

ሰይድ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብል እሱ ይባረራል። ሁሉን ብጽፍ ደግሞ ወንበር በመልቀቅ ሁለቱም ይቀጣሉ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ። የኔን ጻፊ፣ የአበበን ስም ግን ተይው» አለ።

«የለም፣ የኔንም ትጻፈው» አለ አበበ።

የአንዳቸውንም አልጻፍኩም። «ፊደል ሲለወጥ አዲሱን አድራሻ ባለማስተላለፌ የደረሰ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

አቶ ደረጀ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ፊደሉን የለወጠው ማነው?»

«ቁልፉ እንዲጫኑት ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ለምን አርብ ብቻ?»

«አርብ ብቻ አይደለም። ወረቀትዎ ላይ ሌሎች ሁለት ቀኖች አሉ።»

ወረቀቱን አወጡ። ጣታቸው ሃያ አንድ ላይ ቆመ። የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው። ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ወረቀቱን አጠፉት።

«ማስተካከያው ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ መስመር ነው። ጨርሼዋለሁ።»

የማሰናበቻው ደብዳቤ ቀረ። ማስጠንቀቂያውም ከሰይድ ፋይል ይውጣ ብዬ ብጠይቅ «የተፈረመ ደብዳቤ አይወጣም» አሉ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ያገኘሁት የእኔ ደብዳቤ ከኋላው እንዲያያዝ ብቻ ነው። ሰይድ «ይበቃል፣ አላህ ይስጥሽ» አለኝ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አቶ ኃይሉ ሁለት ሳምንት አኮረፉኝ።

ከእኔ በኋላ ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ የምለው ይኸው ነው። ፕሮግራሙ የወደቀበት መስመርና ስህተቱ ያለበት መስመር ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሲወድቅ ወንበሩ ላይ የተገኘው ሰውም አጥፊው ላይሆን ይችላል። ይህን ሳታጣሩ አትፈርሙ።