ጎረቤቴ የነቀለችው በሶብላ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ነገሩ ቢያልፍም ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሸጎሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ደጄ ላይ ያለችውን ቦታ ባዶ ማየት ስላስጠላኝ የዘይት ጀሪካን ለሁለት እየቆረጥኩ፣ የቀለም ባልዲ ሥሩን እየበሳሁ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ተከልኩ። እናቴም አፋቸው የተሸረፈ፣ ለገበያ የማይሆኑ ማሰሮዎች ሰጠችኝ።

ጎረቤቶቼ ወደዱልኝ። ሽሮ ጥደው "እስቲ ትንሽ በሶብላ" እያሉ ይመጣሉ፤ እኔ ከሌለሁም ራሳቸው ይቀነጥባሉ። በተለይ ከላዬ ያለችው ትዕግስት ልጇን ታቅፋ ሳትመጣ አትውልም ነበር።

አንድ ቀን ማሰሮዎቹን እያየች "ከየት ገዛሻቸው?" አለችኝ።

"አልገዛኋቸውም፤ እናቴ ናት የሠራቻቸው። ቀጨኔ ሸክላ ትሠራለች" አልኳት፣ በኩራት።

"እንዴ! የቀጨኔ ልጅ ነሽ እንዴ?" ብላ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። የቀነጠበችውን ቅጠል እዚያው ጥላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቅጠል የሚጠይቀኝ ጠፋ። በር ላይ ስቀመጥ ልጆቻቸውን ጠርተው ያስገባሉ። "ቡዳ" ብሎ ፊት ለፊት የተናገረኝ የለም። ግን እኛ የሸክላ ሠሪ ልጆች በዚህ ስም ስንሰደብ ነው ያደግነው፤ ሳይናገሩትም አውቀዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ጀሪካኖቹ ተገልብጠዋል፣ ማሰሮዎቹ ተሰባብረዋል። በሶብላውም ኮሰረቱም ከነሥሩ ተነቅሎ ተቆልሏል። ትዕግስት ደረጃው ላይ ቆማለች።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። "ልጄን አሞታል። የጀመረው ያንቺን በሶብላ ከበላ በኋላ ነው። ድሮስ ከእናትሽ ማሰሮ የበቀለ ምን ሊሆን!"

ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል። ያንን በሶብላ ሲቀነጥቡ የከረሙ ሰዎች ናቸው! አንድም ተይ የሚላት አልተገኘም። እኔም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ የማሰሮዎቹን ስብርባሪ መልቀም ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ በዛብህ ወረዱ። ጡረተኛ ናቸው፤ ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። ጎንበስ ብለው አንድ ቀንበጥ በሶብላ አነሱ፤ በጃኬታቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ሁሉም እያየ አኘኩት።

"ልጁ ከታመመ ሐኪም ቤት ውሰጂው" አሏት። "የሰው እናት ግን አትስደቢ።"

ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው የተደፋውን አፈር በእጃቸው ይዝቁ ጀመር።

ልጁን ያመመው ጉንፋን ነበር፤ ዳነ። ትዕግስት ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ዛሬ ስንገናኝ ምንም እንዳልተፈጠረ "ሰላም ነሽ?" ትለኛለች። መልሼ ተክያለሁ፤ አንዳንድ ጎረቤቶቼም ቀስ እያሉ ቅጠል ሊጠይቁ መምጣት ጀምረዋል። አልከለክላቸውም።

እናቴ ግን "ልምጣና ልይሽ" ስትለኝ ሰበብ እየፈጠርኩ እኔው ቀጨኔ እሄዳለሁ። እዚህ መጥታ ሰው ልጁን ከእኛ ሲያሸሽ የሚያሳየውን ያንን ፊት እንድታይ አልፈልግም። ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንን ነው።